ማኅተሙ የማን ነው

10ኛ ወር፣ 29፣ እሑድ

በሃምሳ ሁለት ዓመቴ "ፊርማ ሰብሳቢ" ሆንኩ። ስብሰባው በኢሶኤ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ነበር፤ ውሃው ከመሞቁ በፊት፣ ሴቶቹ ልብስ የሚያወልቁበት ክፍል ውስጥ ተደርድረን። በሰብሳቢዎች መዝገብ ላይ ስሜን ጻፍኩ፤ ቶጋሺ ሂሳኖ። "ማኅተምሽ የታለ?" አለችኝ ኢሶኤ። "ረሳሁት" አልኳት። አልረሳሁትም። የቤተሰባችን ስም የተቀረጸበት፣ በፊርማ ቦታ የምናትመው ማኅተም መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከዚያ እንዲወጣ አልፈልግም።

"ማኅተሟን የረሳች ፊርማ ሰብሳቢ!" አለች። "መረቡን ቤት ትቶ ባሕር የወጣ ዓሣ አስጋሪ በሏት።"

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። በአውራ ጣቴ አተምኩ። ቀዩ ቀለም ሩዝ ሳጥብ እንኳ አልለቀቀም።

ከንቲባው "የኑክሌር ማመንጫው በዳርቻችን በናሚኖሴ ላይ ይሠራ ወይስ አይሠራ፣ ሕዝቡ በድምፅ ይወስን" የሚለውን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጣለው። አሁን የቀረን ራሱን ከንቲባውን ማውረድ ነው። ከመራጩ ሲሶው ከፈረመ ከተማው ድምፅ ይሰጣል። ሲሶው ማለት 2,034 ሰው ነው። ያለን አንድ ወር ብቻ ነው።

ኢሶኤ ደንቡን ጮክ ብላ አነበበችልን። እያንዳንዱ ሰው ስሙን በገዛ እጁ ይጽፋል፣ በገዛ ማኅተሙ ወይም በአውራ ጣቱ ያትማል። ሚስት ለባል፣ ባል ለሚስት፣ ማንም ለማንም አይፈርምም። ሲያልቅ ዝርዝሩ ለሰባት ቀን ማዘጋጃ ቤት ይቀመጣል፤ የፈለገ ሰው ገብቶ ስም በስም ያያል።

"ማንም ለማንም" ስትል ጆሮዬ ጋለ። ማንም አላየኝም መሰለኝ።

11ኛ ወር፣ 1፣ ረቡዕ

ዝናብ። አሥራ አንድ በር። ሁለት ፊርማ። እግሬ ረጥቧል፤ ደስታዬን ግን ምን ልበለው።

11ኛ ወር፣ 2፣ ሐሙስ

በየበሩ የሰማሁትን ሳልረሳው ልጻፍ።

የሩዝ ሻጩ አባት፦ "ጨረራ እዚህ አይደርስም። ነፋሱ ሁልጊዜ ወደ ጎረቤት ከተማ ነው የሚነፍሰው። እነሱ ይፈርሙ።"

የመንገድ ተቋራጩ ሠራተኛ ሚስት በሩን በጣት ስፋት ከፍታ፦ "እትዬ፣ ልቤ ከእናንተ ጋር ነው። ስሜ ግን እዚሁ ይቆይ። ዝርዝሩን ያዩታል፤ ባሌ በማግስቱ ሥራ የለውም።"

አንዲት አሮጊት የተጠበሰ ስኳር ድንች በመስኮት ሰጠችኝና፦ "ለፊርማው አይደለም። ለብርዱ ነው።"

ድንቹን ቆሜ በላሁ። ሠላሳ ዓመት በዚህ መንገድ ስመላለስ ከዚያች ሴት ጋር አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

11ኛ ወር፣ 3፣ ዓርብ

በዓል ነው። መታጠቢያ ቤቱ ሞልቶ ነበር። አንገቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቼ ዝም ብዬ ሰማሁ።

"ማመንጫ ባለበት ሀገር የሴቶች ፀጉር ይረግፋል አሉ።"

"የኔማ ያለ ማመንጫም ረግፏል።"

"አንቺ ባለፈው ዓመት ማመንጫውን የሚሠራው ኩባንያ በአውቶቡስ ሌላ ከተማ ወስዶ አስጎብኝቶሽ የለ? ምን አየሽ?"

"ከማመንጫው አንድ ግድግዳ አየሁ። ከዚያ ፍልውሃ ወሰዱን። ግድግዳው ምንም አላደረገኝም፤ በፍልውሃው ግን ጉልበቴ ተሻለው።"

"እንግዲህ ለጉልበትሽ ስትይ አትፈርሚ።"

"ማን አልፈርምም አለ? ፍልውሃውንም ሄጃለሁ፣ እፈርማለሁም። እነሱ ውሃ ሰጡኝ እንጂ ጣቴን አልገዙኝም።"

እርጥብ እንደሆነች፣ ፎጣ ለብሳ ፈረመች። ወረቀቱ ላይ የውሃ ጠብታ አለ። ኢሶኤ "ይህኛውን ከእንፋሎት ጋር እናስረክባለን" አለች።

11ኛ ወር፣ 9፣ ሐሙስ

የላይብረሪ መኪናው የሚመጣበት ቀን። ሾፌሩ አራት መጽሐፍ አስቀምጦ ጠበቀኝ፤ "የከተማው የጨረራ ሊቅ መጣች" አለኝ። እኔ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ብቻ ነው የተማርኩት። ከዚያ በኋላ የማውቀውን ሁሉ ከዚህ መኪናና ከመዝገበ ቃላት አገኘሁት። መረብ ስጠግን መጽሐፉን በዝርግ ድንጋይ አስደግፌ አነባለሁ።

ዛሬ "ግማሽ ዕድሜ" ገባኝ! ሦስት ጊዜ አንብቤ በአራተኛው ገባኝ። ጨረራ የሚያወጣው ነገር በአንድ ጊዜ አያልቅም። በሠላሳ ዓመት ግማሹ ይሄዳል፤ በሌላ ሠላሳ ዓመት የቀረው ግማሽ፣ ግማሹ፤ ከዚያ የዚያ ግማሽ። እያነሰ ይሄዳል እንጂ አለቀ የምትይበት ቀን የለም። ተነሥቼ ክፍሉ ውስጥ ተመላለስኩ። የምነግረው ሰው አጥቼ ቤት ላለው የሙታን መሠዊያ፣ ለባሌ ለጊሳኩ ፎቶ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

ጊሳኩ ከሞተ ሰባት ዓመት። ያ ነገር ከሆነ ዐሥራ ስምንት ዓመት። ሒሳቡን ጀምሬ ተውኩት።

11ኛ ወር፣ 12፣ እሑድ

በስብሰባ ላይ ተናገርኩ!

ኩባንያው በማኅበረሰቡ አዳራሽ ማብራሪያ ጠርቶ ነበር። ኢናዙሚ የሚባል ወጣት መሐንዲስ፣ ቀጭን፣ ክራባቱ የተጣመመ፣ በሥዕል አስረዳን። ሰው ሁሉ ይጮኻል። አንዱ "ቼርኖቤል!" ይላል፤ ሌላው "የኤሌክትሪክ መብራት አታብራ እንግዲህ!" ይለዋል። እኔ እጄን አነሣሁ። ማን እንዳነሣው አላውቅም፤ እጄ ራሱ ነው የተነሣው።

"ይቅርታ" አልኩ። "ያነበብኳቸው አራት መጻሕፍት ውስጥ 'አደጋው ዜሮ ነው' የሚል ቃል አላገኘሁም። የእናንተ ወረቀት ላይ ግን 'ፍጹም' የሚል ቃል አምስት ቦታ አለ። ከየት አገኛችሁት?"

መሐንዲሱ ወረቀቱን አገላበጠ፤ ቆጠረ። "አምስት ነው፤ ልክ ነዎት" አለ። ቀጥሎም "እኔ አልጻፍኩትም። ማስታወቂያ ክፍሉ ነው የጻፈው" አለ። የኩባንያው አለቆች ፊት ሲለዋወጥ፣ ሰው በሳቅ ወደቀ።

ጫማ ስናጠልቅ አጠገቤ መጥቶ ጎንበስ አለ። "ወይዘሮ ቶጋሺ፣ ያንን ጥያቄ ሦስት ዓመት ስጠብቀው ነበር" አለኝ። "ሰው ሁሉ ወይ 'ትገድሉናላችሁ' ይለኛል፣ ወይ 'አንተ ካልከው አምናለሁ' ይለኛል። የሚጠይቀኝ የለም።"

"እርስዎ ይፈራሉ?" አልኩት።

"አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ በልኩ እፈራለሁ።"

ወደ ቤት ስሄድ ሮጥኩ መሰለኝ። አንዲት ባሏ የሞተባት የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት በዋናው መንገድ ላይ።

11ኛ ወር፣ 14፣ ማክሰኞ

ከኢሶኤ ጋር ተጣላን፤ ትንሽ። በእኛ ወገን የሚበተነው ወረቀት ላይ ሁለት ራስ ያለው ዓሣ ፎቶ አለ፤ "ማመንጫው ይህን ያመጣል" ይላል። እንዲህ ያለ ዓሣ ጊሳኩ ገና ሳንጋባ አሳይቶኛል። ያኔ ማመንጫ የሚባል ነገር እንኳን እዚህ በሬዲዮም አልነበረም። አንዳንዴ ዓሣም እንደ ሰው ተሳስቶ ይወለዳል።

"ይህ ውሸት ነው" አልኳት።

"ለጥሩ ነገር ነው እትዬ።"

"የእነሱም 'ፍጹም' ለጥሩ ነገር ነበር።"

"አንቺ የማን ወገን ነሽ?"

ወረቀቱን ወስጄ እንደገና ጻፍኩት፤ ዓሣውን አወጣሁት። ስትቆጣ ቆይታ ማታ በአንዲት ልጅ እጅ ሁለት እንቁላል ላከችልኝ።

ለዚህ ደብተር ብቻ የምናገረው ነገር አለ። ባነበብኩ ቁጥር ፍርሃቴ እየቀነሰ ነው። ጎረቤቶቼ ከሚፈሩት ያነሰ ነው፤ ኩባንያው ከሚለው ደግሞ ይበዛል። ይህን ለኢሶኤ እንዴት እነግራታለሁ? ታዲያ ለምን በዝናብ እዞራለሁ? ይሠራ ወይስ አይሠራ ብለው እኛን አልጠየቁንም፤ ለዚያ ነው።

11ኛ ወር፣ 17፣ ዓርብ

1,120። ገና ዐሥራ ሦስት ቀን አለን።

ፉሚ፣ ጎረቤቴ፣ በመንገድ ያዘችኝ። መረብ መጠገን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እንደ እህቴ ልጅ ናት። "አክስቴ፣ ወረቀቱን ለኔ ተዪው፤ የኛን መንገድ እኔ እሞላዋለሁ። አንቺ እግርሽን አሳርፊ።" እየተቻኮልኩ ነበር። ተውኩላት። ሰብሳቢዋ እኔ ነኝና መተው አልነበረብኝም። ተውኩላት ግን።

11ኛ ወር፣ 21፣ ማክሰኞ

1,610። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቁጥሩን በኖራ እንጽፋለን። የዓሣ ሻጩ ልጅ በየሰዓቱ እየመጣ ያያል። ከንቲባው ራሱ ትናንት በመኪና አልፎ ቀስ ብሎ አየው አሉ።

ከቤት ቤት የሚዞረው የሠፈሩ ማስታወቂያ፣ የመዞሪያ ፋይሉ፣ ደረሰኝ፤ የቆሻሻ ቀን ተለውጧል። ከእያንዳንዱ ቤት "አይተናል" የሚል ማኅተም ይደረግበታል። እንደ ሁልጊዜው በእስክሪብቶ ክብ አድርጌ አለፍኩት።

ከዚያ አንድ ነገር አደረግኩ። ጽሕፈት መሣሪያ ሻጩ ጋ ገብቼ ማኅተም እንዲቀርጽልኝ አዘዝኩ።

"ቶጋሺ ብለን?" አለ። "ያለቀለት አለ፤ ከመደርደሪያው አንሺ።"

"አይደለም። ሂሳኖ ብለህ።"

"በራስሽ ስም? ለምን? የቤት ማኅተም የለሽም?"

"አለኝ።"

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ሐሙስ ይደርሳል አለ።

11ኛ ወር፣ 24፣ ዓርብ

በረጋ መንፈስ ልጻፍ። አልረጋሁም።

የፉሚን ወረቀት ለማስረከብ ሳስተካክል አየሁት። ስድስት ስም፦ ባሏ ቶኩጂ፣ ልጃቸው ሹንታ፣ ሁለቱ የሆሪ ወንድማማቾች፣ ሽማግሌው ኩማዞና አማቹ። ስድስቱም ሰሜን ባሕር ናቸው። ጀልባዎቹ ከወጡ ስምንት ሳምንት ሆኗቸዋል። ስድስቱም ስም በሁለት ሴቶች እጅ ነው የተጻፈው፤ ማኅተሞቹ ግን እውነተኛ ናቸው። ከየቤቱ መሳቢያ የወጡ።

ስድስት ማኅተም። ቀዩ ቀለም ደርቆ። ለረጅም ጊዜ አየሁት።

አሁን ልጻፈው። ለማንም ጽፌው አላውቅም።

ከዐሥራ ስምንት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ወር። ጊሳኩ ደቡብ ባሕር፣ የቱና ዓሣ መርከብ ላይ ነበር፤ ከኩማዞ ጋር። የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ምክትል ሊቀ መንበር መጣ፤ አሁን ሞቷል። ለማመንጫው ቦታ በሚሆነው የባሕር ዳርቻ የማስገር መብታችንን ለመተው የስምምነት ወረቀት ይዟል። በሌላ እጁ ቀይ ባቄላ ያለበት ኬክ፣ በጥሩ ወረቀት የተጠቀለለ። "ሁሉም ቤት አትሟል። የቀራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ባልሽ ቢኖር ያትም ነበር" አለኝ።

"ባልሽ ቢኖር።" ጊሳኩ ቢኖር ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ደብዳቤ ልጽፍለት እችል ነበር፤ በወር ይደርሳል። "ልጠይቀው" ማለት እችል ነበር። ማኅተሙን ከመሳቢያ አውጥቼ አተምኩ። ሰውየው ከመንገዱ ጥግ ሳይጠፋ ኬኩን ከፍቼ በላሁ። ጣፋጭ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ማተሙ ይሁን ኬኩ ለይቼ አላውቅም።

በኋላ እንደሰማሁት ሁሉም ቤት አላተመም ነበር። ስምምነቱ ያለፈው በአራት ማኅተም ብልጫ ነው።

ጊሳኩ ሲመለስ ነገርኩት። ጫማውን እያወለቀ "እንዲህ ሆነ?" አለ። ከዚያ "ሻይ አለ?" አለ። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስለዚያ ቀን የተናገረው ያ ብቻ ነው። በዚያ ዳርቻ ግን ከዚያ በኋላ መረብ ጥሎ አያውቅም።

11ኛ ወር፣ 26፣ እሑድ

ለኢሶኤ አሳየኋት።

"ተዪው" አለች። "ሰዎቹ ቢኖሩ ይፈርሙ ነበር።"

"ቢኖሩ" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

"እትዬ፣ ስድስት ሰው ነው! ማን ያየዋል?"

"ለሰባት ቀን ማዘጋጃ ቤት ይቀመጣል። ሁሉም ያየዋል።" ይህ ምክንያቱ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። "ባያየውም ኢሶኤ፣ እኔ አይቻለሁ።"

እጇን በፎጣ ጠረገች፤ ረዘም ላለ ጊዜ ጠረገች። "ከሰረዝሽና በስድስት ከጎደለን፣ ሕይወቴን ሙሉ ውሃው በቀዘቀዘ ገንዳ ነው የማጥብሽ።"

"እሺ።"

11ኛ ወር፣ 28፣ ማክሰኞ

ፉሚ ቤት ሄድኩ። ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ቀላች።

"ለአንቺ ብዬ ነው! እግርሽን አይቼ አዘንኩልሽ!"

"አውቃለሁ።"

"ቶኩጂ ማኅተሙን ለኔ ነው የሚተወው። ቀረጥ እኔ፣ ትምህርት ቤት እኔ፣ ሐኪም ቤት እኔ። ለዚህ ጊዜ 'የማን ነው' ተባለ?"

የምትለው እውነት ነው። የባሕር ሰው ቤት ሁሉ እንዲህ ነው የሚኖረው፤ ማኅተሙ ከሚስት ጋር ይቀራል፣ ባሉ ከማዕበሉ ጋር። የራሴን ግን አልነገርኳት።

"አክስቴ፣ በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው" አለችኝ። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ቀስ ብላ መዝጋቷ ነው የከፋኝ።

11ኛ ወር፣ 29፣ ረቡዕ

2,038። ስድስቱን ሰረዝኩ። 2,032። ሁለት ጎደለ! ሁልጊዜ ደግሞ የሚጣል ፊርማ አለ፤ ሠላሳ አርባ ይጣላል ይላሉ።

ኢሶኤ በሩ ላይ ያለውን ቁጥር አጥፍታ አዲሱን ጻፈች። ሰዎች ቆመው አዩት።

ማታ በዓሣ ገበያው ሬዲዮ ተሰማ። የሰሜን ጀልባዎች ነገ ጠዋት ይገባሉ። በመጨረሻው ቀን!

11ኛ ወር፣ 30፣ ሐሙስ

የቻልኩትን ያህል ልጻፍ።

ከንጋቱ ጀምሮ ወደቡ ላይ ቆምኩ። በአንድ እጄ ወረቀት፣ እንዳይበርድ ብብቴ ሥር ደግሞ የቀይ ቀለም ሣጥን ይዣለሁ። ሚስቶች ቆመዋል። ፉሚም አለች፤ ፊቷን ወደ ባሕር አዙራለች። ሦስቱ ጀልባዎች ተከታትለው ገቡ። አርባ አንድ ወንድ።

ሰው እንዴት ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚጀምረው? ገመድ ሲታሰር ጮህኩ። "እዚህ ወረቀት ላይ ስድስት ሰዎች ሳያውቁ ስማቸው ገብቶ ነበር። ሰርዤዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ወረቀቱን ትቼ ሄድኩ። የሚፈልግ አሁን በራሱ እጅ ይፈርም። የማይፈልግም አይፈርም።"

ከሆሪ ወንድሞች ትልቁ፦ "ሁለት ወር ዓሣ ስይዝ ለካ ከንቲባ እያወረድኩ ነበር?" አለ። ሳቁ። ሁለቱም ፈረሙ። ሹንታ ፈረመ። ሌሎችም መጡ፤ እጃቸው በዓሣ ደም ርሷል፤ ጣታቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ ያትማሉ።

አንዱ ወጣት፦ "አክስቴ፣ ማመንጫው መጥፎ ነው አይደል?" አለኝ።

"አንብቤያለሁ" አልኩት። "አደጋው ሰው ከሚለው ያነሰ ነው፤ ኩባንያው ከሚለው የበዛ ነው። ድምፅ ስንሰጥ ምን እንደምል ገና አልወሰንኩም።"

ኢሶኤ አጠገቤ ቆማ ሰማችኝ። አሁን አወቀች። ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

"ታዲያ ለምን ታስፈርሚያለሽ?" አለኝ ልጁ።

"ሐሳባችንን እንድንጠየቅ።"

አየኝ፤ ከዚያ ፈረመ። ኢሶኤ ትከሻዬን በክርኗ ገፋችኝ፤ አሳመመኝ።

ከዚያ ቶኩጂ መጣ። የተሰረዘውን ስሙን፣ የራሱን ማኅተም አየ። ፉሚን አየ። ፉሚ ጫማዋን አየች። ሰው ሁሉ ይጠብቃል።

"ምን እንደማስብ አላውቅም" አለ ቀስ ብሎ። "እውነቴን ነው። ስለ እሱ ነገር አስቤ አላውቅም። ዛሬ አልፈርምም።" ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ "ሾርባ አለ?"

"ሾርባ አለ" ብላ ፉሚ ዕቃውን ተቀበለችው። አብረው ሄዱ። የኩማዞ አማችም ክረምቱን ኩባንያው ውስጥ እንደሚሠራ ተናግሮ፣ ጎንበስ ብሎ አለፈ። ከስድስቱ አራቱ ፈረሙ ማለት ነው።

አራተኛው ኩማዞ ነው፤ የጊሳኩ የመርከብ ጓደኛ። ከእነሱ በኋላ መጣ፤ ሰባ ዓመቱ ነው፣ ፊደሉን እየሳለ ነው የሚጽፈው። የተሰረዘውን ስም እያየ "እኔንም እንደ ጊሳኩ አደረጉኝ በይኛ" አለ።

ብዕሩ ከእጄ ወደቀ።

ያውቃል። ሁልጊዜ ያውቅ ነበር። ከኋላው ሰው እየገፋ ነበርና ልጠይቀው አልቻልኩም።

ከወደቡ ሃያ ሦስት። ከሌሎቹ ሰብሳቢዎች ዐሥራ አራት። 2,069! ኢሶኤ ቁጥሩን በሩ ላይ ስትጽፍ ኖራው ተሰበረ። በዚያች ሰዓት የሞቀ ገንዳ ውስጥ ከነካልሲዬ ልትከተኝ ነበር።

12ኛ ወር፣ 1፣ ዓርብ

ተኛሁ። ቀኑን ሙሉ።

12ኛ ወር፣ 13፣ ረቡዕ

ማዘጋጃ ቤቱ እያጣራ ነው። ፉሚ አታናግረኝም። የመዞሪያ ፋይሉን ሳታንኳኳ በሩ ሥር ትታው ትሄዳለች። መሐንዲሱ ኢናዙሚ በመንገድ አገኘኝ፤ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሊያዛውሩት ነው። "በአምስቱ 'ፍጹም' ምክንያት?" አልኩት። "አዲሱ ወረቀት ላይ ሁለት ብቻ ነው ያለው" አለኝ፤ እንደ ልጅ ደስ ብሎት።

12ኛ ወር፣ 22፣ ዓርብ

ሠላሳ ተጣለ። የጸናው 2,039። በአምስት ሰው አለፍን!

ዝርዝሩ ዛሬ ተከፈተ፤ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ተሰለፍኩ። ለማየት የመጣው ሁሉ የሌላ ሰው ስም ይፈልጋል። እኔ የራሴን ፈለግኩ። ገጽ 61፣ መስመር 3። ከስሜ ፊት ለፊት በገዛ ስሜ የተቀረጸው አዲሱ ማኅተም፤ ቀይ፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ። ከዚህ በፊት ስሜ ያለ ባሌ ስም ታትሞ አይቼው አላውቅም። ሦስት ጊዜ አየሁት። ጸሐፊው "ስህተት አለ እንዴ?" አለኝ። "የለም" አልኩት።

ኩማዞ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ጋሼ ኩማዞ፣ ጊሳኩ ምን ነገረህ?"

ጉንጩን አሻሸ። "ማተምሽን ከዚህ የሆነ ሰው በደብዳቤ ነግሮት ነበር፤ መርከቡ ላይ ሳለን። አልተቆጣም። ግን ጥያቄ ያዘው። 'ኩማዞ፣ እኔ ብሆን ምን እል ነበር?' ይለኛል። መረብ ስንጎትት ይጠይቀኛል። ወደብ ስንገባ ይጠይቀኛል። በሞተበት ዓመትም ጠይቆኛል።"

"ምን አልከው?"

"'እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሚስትህን ጠይቅ' አልኩት።"

"እኔን አንድ ቀን አልጠየቀኝም።"

"አንቺስ ጠየቅሽው?"

በሩ ተከፍቶ ነፋስ ገባ። ኩማዞ ኮፍያውን ደፍቶ ተነሣ፤ "የናንተ ቤት ሰዎች ዝም ማለት ትወዳላችሁ" አለኝ።

ቤት ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። የጊሳኩ ማኅተም እንደተውኩት ነው። በፊደሎቹ ስንጥቅ የዐሥራ ስምንት ዓመት ቀለም ደርቋል፤ በመርፌ አወጣሁት፤ ጊዜ ወሰደ። መሠዊያው ላይ፣ ፎቶው ፊት አስቀመጥኩት። ሻይ ቀዳሁለት። ከዚያ ጠየቅኩት፤ በድምፅ።

"አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር?"

ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ።

በሩ ተንኳኳ። ፉሚ ናት፤ የመዞሪያ ፋይሉን ይዛለች። በሩ ሥር አልተወችውም፤ በእጇ ሰጠችኝ። ገለጥኩት። የበረዶ መጥረግ ተራ፣ የጋዝ ምርመራ፣ ከሥራቸው ደግሞ በትልቁ፦ ከንቲባው ይውረድ ወይስ ይቆይ የሚለው ድምፅ የሚሰጥበት ቀን።

"ቶኩጂ ከላይብረሪ መኪናው መጽሐፍ ተዋሰ" አለች ፉሚ፣ ወደ ጎን እያየች። "ሁለት ገጽ ያነባል፤ ይተኛል።"

"ሦስት ጊዜ ያንብበው በይው። በአራተኛው ይገባል።"

ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ያዘችው። "በይ አትሚልኝና ልሂድ። ቀጣዩ ቤት እየጠበቀ ነው።"

አዲሱን ማኅተም ከወገቤ አውጥቼ አተምኩ። ፉሚ ፋይሉን አስጠግታ አየችው። ለዓመታት በእስክሪብቶ ክብ ብቻ ያየችበት ሣጥን ነው።

"ይሄ ደግሞ የማን ነው?" አለችኝ።

"የኔ" አልኳት።